ዛሬ የለም

ብራቲስላቫ ላይ፣ አንድ ሕንጻ አለ፣
በአናቱ ተዘቅዝቆ፣ በጫፉ የተተከለ፤
ፒራሚድ ነው ይሉታል፣ ራሱ ታች የዋለ።

ከሆዱ ውስጥ ገባን፣ መቶ አሥር ሆነን፣
በረዶ ያራሰውን፣ ካፖርት አራግፈን፤
ቱባው እንደ ጥጃ፣ ትከሻ ላይ ታዝሎ፣
ኮንትራባሱ በሩን፣ በግድ ተሹለክልኮ፤
ከኋላ እኛ መዘምራን፣ አርባ ሰው በመደዳ፣
ሶፕራኖዎቹ ከፊት፣ ባሶቹ ከግድግዳ።

ስክሪኑ ላይ ፊልሙ፣ ያለ ድምፅ ይሮጣል፤
አንድ ወፍራም ከንቲባ፣ ከዝይ ያመልጣል፤
ሱሪው አጥር ላይ ቀርቶ፣ ሠርግ ቤት ዘው ይላል፤
ባለሦስት ፎቅ ኬክ፣ በላዩ ይናዳል።
ዝይዋ አልደከመችም።

መሪያችን ድራሆሚራ፣ በትሯን አነሣች፤
መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ፣ ጫፍ አወረደች፤
«ሙዚቃው ቀልዱን አያውቅም፤ ተግባባን?» አለች።
«ከንቲባው አላወቀ፤ ዝይዋስ ከየት አውቃ?
የሚስቅ ሰው ካለ፣ ይውጣልኝ በቃ!
ኬክ አይደለም የሚናደው። ሰማይ ነው።»

ችግሩ ግጥሙ ላይ ነው።
አቀናባሪው እንግዳ፣ ቋንቋችንን የማያውቅ፣
በመኸር መጥቶ ሳለ፣ ካንቲን ምሳ ሲጠብቅ፣
ግድግዳው ላይ አየ፣ በጠመኔ የተጻፈ፤
ድምፁ የጥንት ጸሎት፣ መስሎት ልቡ ከነፈ፤
በናፕኪን ገልብጦ፣ ኮራል አድርጎ ጻፈ።

ገጹን ብንገልጠው፣ የማክሰኞ ምሳ!
ሶፕራኖ፣ ከደመና በላይ፦ «የጎመን ሾርባ!»
ቴነሮቹ፣ እኛ፣ እንደ ዘማች፦ «ድንች፣ አንድ ዩሮ ከሰባ!»
አልቶ፣ እንደ ሙሾ አውራጅ፦ «ሃሉሽኪ፣ የበግ አይብ ያለው…»
ከዚያ ከበሮ። ከዚያ ዝምታ።
ከዚያ ባሶቹ፣ ከጉድጓድ፣ ባንድ አፍ፦
«ዛሬ የለም! ዛሬ የለም!»
ዝላቲጻ ናት፣ የካንቲኗ፣ ከዳክዬ ጥብሱ ጎን
በቀይ ጠመኔ የምትጽፈው። ሁልጊዜ።

አንደኛው ቀረጻ፦ ትሮምቦኑ ሳቁን በቱቦው ተፋ።
ሁለተኛው፦ ራዶቫን፣ ስሙ ደስታ ማለት ሆኖ
ሠላሳ ዓመት ሲስቅ ያልታየው፣ ከበሮው ላይ ተደፋ።
ሦስተኛው አይቆጠርም።
አራተኛው በእኔ ነው የተበላሸው፤
በአፍንጫዬ አመለጠኝ፣ እንደ ፈረስ።
ድራሆሚራ መነጽሯን ጠረገች። ምንም አላለች።

አምስተኛው።
ብላዤና፣ አልቶ፣ ሁለተኛው ረድፍ፣
ቀረጻው እስኪጀመር ሹራብ የምትሠራ።
ባሏ ከባሶቹ ዳር ነበር የሚቆም፣
ሃያ ስድስት ዓመት፣ ካንዲት ጣውላ ሳይንቀሳቀስ፤
በገና ማግስት ነው።
ጣውላዋን እስካሁን ማንም አልረገጣት።

ባሶቹ «ዛሬ የለም» ሲሉ፣ ቀና አለች።
ለአልቶ እዚያ ጋ የተጻፈው ስምንት ምት ዝምታ ነው፤
አልጠበቀችም።
«ዛሬ የለም» አለች፣ ከባሶቹ ራስ በላይ፣
ወደ ጣውላዋ እያየች፤
ስለ ጥብስ አልነበረም።

ታቆማለች ብለን ድራሆሚራን አየን፤
እጇ ግን ሰፋ፤ ቫዮሊኖቹን ስባ
ከድምፁ ሥር አነጠፈች፣ እንደ አንሶላ።
እስከ መጨረሻው ደወል አንድ ሰው አልሳቀም።

ሲያልቅ አምስት ሰከንድ፣ ትንፋሽ ይዞ መቆም ግድ፣
ማሚቶው ከጣሪያ፣ ቀስ እያለ እስኪወርድ።
አንድ። ሁለት።
ስክሪኑ ላይ ከንቲባው፣ ከክሬሙ ውስጥ ብቅ ሲል፣
ዝይዋ አናቱ ላይ ወጥታ ተደላደለች።
ሦስት።
የሳቀችው ብላዤና ናት፤
ያለ ድምፅ፣ በትከሻዋ ብቻ፣ ሹራቡን ነክሳ፣
ማሚቶውን ላለመንካት።
አራት። አምስት።

ፊልሙ በፀደይ ወጣ፤ ተያይዘን ገባን፣
ሲኒማው ጢም ብሎ፣ ከፊት ረድፍ ተቀመጥን።
የከተማው ሕዝብ ምሳውን ሰማና አወቀ፤
እዚያች ጋ ሲደርስማ፣ ወንበር ይዞ ሳቀ።
ብላዤና ከጎኔ፣ ፈንዲሻ ታኝካለች፤
ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣
«እዚያ ላይ ድምፄ ትንሽ ወርዷል» አለች።